ስለ ኢሜይል ሰርቨር አስተዳደር የሥልጠና ቃላት፤ ከአዳማ በደረሰን መምሪያ ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በአዳማ ከተማ ለኢሜይል ሰርቨር አስተዳዳሪዎች ማሠልጠኛ በአማርኛ ተዘጋጅቶና ተባዝቶ የታደለ አንድ መምሪያ ነው። መምሪያው ለሽያጭ የቀረበ መጽሐፍ ስላልሆነ ያዘጋጀውን ድርጅት ስም መጥቀስ አላስፈለገንም። ቅጂውን የላከልን ከሠልጣኞቹ አንዱ ሲሆን፣ በየገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የጻፋቸው ጥያቄዎች ሳይፋቁ ደርሰውናል። ከእነዚሁ ጥያቄዎች አንዱ ለዚህ ሂስ መነሻ ሆኖናል። መምሪያው አሮጌውን ሰርቨር በአዲስ ስለ መለወጥ በሚያስረዳበት ምዕራፍ «ሥራው ካልተሳካ መልእክቶቹ ይመለሳሉ» ይላል። ሠልጣኙ ከጎኑ «ወዴት?» ብሎ ጽፏል።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ቀላል አይደለም። መልእክቶቹ ይመለሳሉ ማለት ሰርቨሩ ስላልተቀበላቸው «አልደረሰም» ከሚል ማስታወቂያ ጋር ወደ ላኪዎቻቸው ይሄዳሉ ማለት ሊሆን ይችላል። ወይም ከጠፉ በኋላ ቀደም ሲል ተገልብጦ ከተቀመጠው ቅጂ ላይ ተፈልገው ይገኛሉ ማለት ይሆናል። ወይም ደግሞ ሥራው ተቋርጦ ሁሉም ነገር በአሮጌው ሰርቨር ላይ እንደ ነበረ ይቀጥላል ማለት ነው። ይኸው መምሪያ በሌላ ገጽ ላይ ለተጻፈልን ደብዳቤ መልስ መስጠትንም «መመለስ» ስለሚለው አራተኛ ትርጉም ይታከልበታል። የመጀመሪያው ለድርጅቱ ኀፍረት ነው፤ ሁለተኛው እፎይታ ነው፤ ሦስተኛው የአንድ ሌሊት ድካም ከንቱ መቅረት ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ከሰርቨሩ ፊት ለብቻው የቆመ ሠራተኛ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚጠብቅ መምሪያው ሊነግረው ይገባ ነበር።

ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የአዘጋጆቹ አይደለም። የጽሕፈታችን ጠባይም አለበት። «መመለስ» የሚለው አርእስት ሁለት ግሶችን በአንድ መልክ ይሸከማል። «መለሰ» ከሚለው ሲወጣ ሁለተኛው «መ» ይላላል፤ «ተመለሰ» ከሚለው ሲወጣ ግን የተገብሮው «ተ» ስለሚዋጥ ያው «መ» ይጠብቃል። በአፍ ሲነገር ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነው። በጽሑፍ ላይ ግን ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ «መልእክት መመለስ» የሚለው ርእስ አስተዳዳሪው የሚሠራው ሥራ ይሁን ወይም በመልእክቱ ላይ የሚደርስ ዕጣ አይታወቅም። በልብ ወለድ ውስጥ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳዋል። በሥራ መመሪያ ውስጥ ግን ዐውዱ ራሱ ገና የሚማረው ነገር ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ሠልጣኞቹ ከየት እንደ መጡ ማሰብ ይበቃል። በሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያስለቅቅ አስተላላፊ ሰነዶቹን የሚለዋወጠው በኢሜይል ነው። በባቱ፣ ብዙዎች ዛሬም ዝዋይ በሚሏት ከተማ፣ የአበባ እርሻዎች ከአውሮፓ ትእዛዝ የሚቀበሉት በዚያው መንገድ ነው፤ አበባ ደግሞ ቀን አይሰጥም። የአዳማ ሆቴሎች የመሥሪያ ቤቶች ስብሰባና ሥልጠና ሁሉ መዲና ሆነው ስለ ቆዩ አዳራሽ የሚያዘው ደብዳቤ ለአንድ ቀን ቢዘገይ ስብሰባው ሌላ ሆቴል ይሄዳል። በከተማዋ በ1998 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነውና ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ተቋም፣ እንዲሁም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች «ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ» በሚለው የሙያ መስክ የሚያሠለጥኗቸው ወጣቶች ትምህርታቸውን የሚያገኙት በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነው። ሥራ ላይ ሲሰማሩ ግን ማስታወሻ የሚጽፉት፣ ለአለቃ ሪፖርት የሚያቀርቡት፣ ተረኛ ለተረኛ የሚረካከቡት በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ነው። አደጋው የሚፈጠረው በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው። ስለሆነም መምሪያውን በአማርኛ ለማዘጋጀት የተነሡትን ሰዎች ከመንቀፋችን በፊት ማመስገን ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንለፍ። መምሪያው ሰርቨርን «አገልጋይ» ይለዋል። አካሄዱ በሰዋስው ነቀፌታ የለበትም፤ ከ«አገለገለ» የወጣ ትክክለኛ ቃል ነው። ነገር ግን «አገልጋይ» በአማርኛ ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያን ዲያቆኑና ካህኑ አገልጋይ ነው፤ በቀድሞው ዘመን በጌታ ቤት የሚኖረውም አገልጋይ ነበር። በመሆኑም «የአገልጋዮች አስተዳዳሪ ተግባር» የሚለው የምዕራፍ ርእስ የኮምፒዩተር ባለሙያን ሳይሆን በቤተ መንግሥት የነበረ አንድ አዛዥን ያስታውሰናል። በዚሁ መንገድ የሄደው «አስተናጋጅ» የሚለው ሲሆን፣ በአዳማ ከተማ ይህን ቃል የሰማ ሰው ትሪ የያዘ ወጣት እንጂ ኮምፒዩተር አይታየውም። «ደንበኛ» ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። መምሪያው የንግድ ድርጅት ኢሜይልን የሚመለከት ስለሆነ «የደንበኛው ቅንብር ከተበላሸ» ሲል ዕቃ የሚገዛውን ሰው ማለቱ ነው ወይስ በጠረጴዛው ላይ ያለውን የኢሜይል ማንበቢያ ፕሮግራም? ሠልጣኙ እዚህም ላይ የጥያቄ ምልክት አኑሯል።

በእኛ አስተያየት «ሰርቨር» እንደ ሆነ ይቆይ። የባዕድ ቃል መግባቱ የሚያስደነግጣቸው ሰዎች እዚያው አዳማ ውስጥ ወደሚገኝ ማንኛውም ጋራዥ ጎራ ይበሉ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና ሲጠገን «ፍሪሲዮን»፣ «ካምቢዮ»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ፒንሳ» ሲባል ይሰማሉ። እነዚህን ከጣልያንኛ የተወሰዱ ቃላት ማንም አካዳሚ አላጸደቃቸውም፤ ከመካኒኩ እጅ ግን ሌላ ቃል አላስጣላቸውም። «መሪ» ግን ከሁሉም መካከል አማርኛ ሆኖ ቀርቷል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜም ዝግጁ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት የተቋቋመው አካዳሚ በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ባወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የሁለቱንም መንገድ ምሳሌዎች እናገኛለን፤ የተተረጎሙም፣ በድምፃቸው የተወሰዱም አሉ። ያ መዝገበ ቃላት ሲሰናዳ ኢንተርኔት ለአገሩ እንግዳ ስለ ነበረ የኢሜይል ሰርቨር ጉዳይ ሊያሳስበው አይችልም ነበር። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው አንድ ቃል አገርኛ መሆን አለመሆኑን ሳይሆን ሰውየው ሲሰማው የሚያየው ነገር ትክክለኛው ነገር መሆኑን ነው። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ የተፈጠረው «ወዛደር» የጸናው «ወዝ» እና «አደር» ለሰሚው ወዲያው ስለሚታዩት ይመስለናል፤ ፖለቲካው ካለፈም በኋላ ቃሉ አለ።

አዘጋጆቹ በሰርቨሩ በኩል አላስፈላጊ ትርጉም ሲሠሩ በደብዳቤው በኩል ደግሞ ቤት ያለውን ሀብት ረስተዋል። የኢሜይል መልእክት ክፍሎችን «ርእስ»፣ «የካርቦን ቅጂ»፣ «ዕውር የካርቦን ቅጂ»፣ «ተያያዥ» ይሏቸዋል። የትኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ግን ይህን ሁሉ ከኮምፒዩተር በፊት ታውቀው ነበር። በደብዳቤው ራስ ላይ «ጉዳዩ»፣ በግርጌው በግራ በኩል «ግልባጭ»፣ ተጨምሮ የሚላከው ወረቀት «አባሪ»፣ ሁሉም የሚታቀፍበት «ማኅደር» ነው። «ስውር ግልባጭ» ብንል ከነዚህ ጋር በቀላሉ ይሄዳል። ካርቦን ወረቀት እኮ ከጽሕፈት መኪናው ጋር ከቢሮ ወጥቷል፤ ግልባጭ ግን አልወጣም።

በዚህ ረገድ መዝገብ ቤቱ ራሱ ገና ያልተነካ ጎተራ ነው። አንድ ደብዳቤ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ያሳርፍበታል። ኢሜይልም በእያንዳንዱ ሰርቨር ሲያልፍ ሰርቨሩ የተቀበለበትን ሰዓትና ከማን እንደ ተቀበለ በመልእክቱ ራስ ላይ ይጽፍበታል፤ አዲሱ ጽሑፍ ሁልጊዜ ከላይ ስለሚጨመር የመልእክቱን ጉዞ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከታች ወደ ላይ ያነባል። መምሪያው ይህን «ተቀብሏል ራስጌ» ይለዋል፤ ቃሉን ለመረዳት ሠልጣኙ ወደ እንግሊዝኛው መመለስ ሳያስፈልገው አልቀረም። «የገቢ ማኅተም» ቢባል ማንም አያስረዳውም ነበር።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም አሮጌውን ሰርቨር በአዲስ ወደ መለወጡ ስንመጣ፣ መምሪያው ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን «ማሻሻል»፣ «ማደስ» እና «ማዘመን» እያለ እያቀያየረ ይጠራቸዋል። ጸሐፊዎቹ ድግግሞሽን ለመሸሽ ይህን እንዳደረጉ ይታየናል። ለድርሰት ጌጥ ነው፤ ለሥራ መመሪያ መርዝ ነው። አንድ ነገር አንድ ስም ሊኖረው ይገባል፤ ስሙም ለሌላ ሊውል አይገባም።

ሥራዎቹ ምን ምን እንደ ሆኑ በብዙ ድርጅቶች የሚገኘውን የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅን አብነት አድርገን እናስረዳ። አንደኛው ሥራ አንድን የተገኘ ክፍተት ብቻ የሚደፍን ትንሽ ፋይል መጫን ነው። ሁለተኛው በየጊዜው ተጠቃልለው የሚወጡትን ለውጦች በጠቅላላው መቀበል ነው። ሦስተኛው ከአንድ ዕትም ወደ ሌላ ዕትም መሻገር ነው። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት የአነጋገር ጉዳይ አለመሆኑ የካቲት 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዕለት ማይክሮሶፍት ሰርጎ ገቦች ይጠቀሙባቸው የነበሩ ክፍተቶችን የሚደፍን አስቸኳይ ፋይል ለኤክስቼንጅ ዕትሞች አወጣ። ፋይሉ መጀመሪያ ሲወጣ የሚገጥመው ግን የቅርቡን የተጠቃለለ ለውጥ አስቀድመው ለተቀበሉ ሰርቨሮች ነበር፤ ለቆዩት የሚሆነው የተጨመረው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። እንግዲህ «ሰርቨሩን አሻሽል» የሚል ትእዛዝ የደረሰው ሠራተኛ የትኛውን አስቀድሞ ይሥራ? መጀመሪያ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ አንደኛውን መሥራት እንዳለበት የሚያውቀው ሁለት ስሞች ካሉት ብቻ ነው።

በዚሁ ፋይል ላይ ሌላም ወጥመድ ነበረ። ሠራተኛው ፋይሉን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሳይሆን በተራ መንገድ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ቢያስኬደው አንዳንድ ክፍሎች ሳይለወጡ ይቀራሉ፤ ኮምፒዩተሩም ስህተት መኖሩን አይናገርም። የእኛ መምሪያ ይህን የመሰለውን ማስጠንቀቂያ «ፋይሉ በአስተዳዳሪው ይሂድ» ብሎታል። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ፋይሉን ለፊርማ ወደ ወረዳው አስተዳዳሪ ይዞ ቢሄድ አንፈርድበትም። «በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይከፈት» ማለት ይበቃ ነበር።

ለአንደኛው ሥራ «መጣፊያ» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። የተቀደደ ልብስ የሚደፈንበት ጨርቅ መጣፊያ ነው፤ «ጣፈ» ከሚለው ግስ ይወጣል። (በአንዳንድ አካባቢ «ጻፈ»ን «ጣፈ» የሚሉ ሰዎች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ነገር ግን መጻፊያውን ከመጣፊያው የሚያምታታ ባለሙያ እስካሁን አልገጠመንም።) ለሁለተኛው «ጥቅል ማሻሻያ» ይበቃል። «ማሻሻያ» በሕግ ቋንቋችን አዋጁ ሳይሻር የሚደረግበትን ለውጥ ስለሚያመለክት ዕትሙ ሳይለወጥ ለሚደረግ ለውጥ ተስማሚ ነው። ለሦስተኛው «ደረጃ ማሳደግ» እንላለን፤ መንገድም፣ ጤና ጣቢያም ደረጃው ሲያድግ ሕዝቡ የሚሰማው ይህንኑ ነው።

«ማደስ»ን ግን ከሦስቱም እናስወጣዋለን። ምክንያቱን ሠልጣኙ ከመምሪያው ጋር በላከልን ደብዳቤ ካጫወተን ነገር እንረዳለን። በአንድ መሥሪያ ቤት «የኢሜይል ሰርቨሩ በአስቸኳይ ይታደስ» የሚል ማስታወሻ ወደ ፋይናንስ ክፍል ይመራል። የፋይናንስ ክፍሉ፣ መንጃ ፈቃድና የንግድ ፈቃድ እንደሚታደስ፣ የዓመቱን የፈቃድ ክፍያ ከፍሎ «ታድሷል» ብሎ በማስታወሻው ላይ ይጽፍበታል። ሁሉም ተረጋጋ። ሶፍትዌሩ ግን ከነክፍተቱ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልሰነፈም። ስለዚህ «ማደስ» ለፈቃድ ብቻ ይሁን።

ስለ «ደረጃ ማሳደግ» ግን አንድ ነገር ሳንጨምር ማለፍ አንችልም፤ መምሪያው በዚህ ላይ ዝም በማለቱ ሠልጣኙን አሳስቷልና። በኤክስቼንጅ ዘንድ ደረጃው ያድጋል ሲባል አሮጌው ሰርቨር ባለበት ከፍ ይላል ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። አዲስ ሰርቨር ከአሮጌው ጎን ይተከላል፤ ሁለቱ ለጊዜው አብረው ይኖራሉ፤ የሠራተኞቹ የመልእክት ሳጥኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራሉ፤ በመጨረሻ አሮጌው በሥርዓት ይነቀላል። የ2010 ዕትም ያለው ድርጅት ወደ 2019 በአንድ እርምጃ መሻገር አይችልም፤ በ2013 ወይም በ2016 ዕትም በኩል ማለፍ አለበት። ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው በዓመታዊ ክፍያ የሚሠራ ዕትም ግን ለውጦቹን የተቀበለ የ2019 ሰርቨር ባለበት ቦታ ደረጃው እንዲያድግ ይፈቅዳል፤ ከ2016 የሚመጣው ግን አሁንም በዝውውር ነው። በመሆኑም «በቦታው ደረጃ ማሳደግ» እና «በዝውውር ደረጃ ማሳደግ» ተብሎ መለየት አለበት። መምሪያው ለዝውውሩ «ፍልሰት» የሚለውን መርጧል። ቃሉ በግእዝ ክብር ያለው ነው፤ ፍልሰታም ከዚያው ነው። ዛሬ ግን በሬዲዮ «ፍልሰት» ሲባል የምናስበው አገሩን ጥሎ የሚሄደውን ሰው ነው። የመልእክት ሳጥኑ አይሰደድም፤ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ማኅደሩን ይዞ ይዛወራል እንጂ። «ዝውውር» ይባል።

ስለ ዕትሞቹ ቁጥር አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። 2016 ሲባል በእኛ አቆጣጠር ትናንት ነው። ዕትሙ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ከ2019 ዕትም ጋር ድጋፉ የተቋረጠው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በንብረት መዝገብ ላይ «ኤክስቼንጅ 2016» ብቻ ተብሎ የተጻፈውን የሚያነብ የግዥ ሠራተኛ ዕቃው አዲስ ነው ብሎ ቢከራከር የሚደንቅ አይደለም። መምሪያው ቁጥሩ የዕትሙ ስም እንጂ የእኛ ዓመተ ምሕረት አለመሆኑን በአንድ መስመር ሊያስታውስ ይገባው ነበር።

«ደረጃ» ከዚህ ሥራ ሌላ ሌላ ሸክም ተጭኖበታል። አንድ ድርጅት ኢሜይሉን የሚቀበሉለት ሁለት ሰርቨሮች ሲኖሩት የትኛው እንደሚቀድም በዶሜን ስም መዝገብ ላይ በቁጥር ይጻፋል፤ አነስተኛ ቁጥር ያለው ይቀድማል። መምሪያው ይህን ቁጥር «ደረጃ» ይለውና «ዋናው ሰርቨር ከፍተኛ ደረጃ ይሰጠዋል» ሲል ይመክራል። ሠልጣኙ ይህን በሥራ ላይ ቢያውለው ለዋናው 20፣ ለተጠባባቂው 10 ሰጥቶ መልእክቶቹን ሁሉ ወደ ተጠባባቂው ይነዳቸዋል። «ደረጃ» በአገራችን በሁለቱም አቅጣጫ ይቆጠራል። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደረጃ 4 ከደረጃ 1 ይበልጣል፤ በሥራ ተቋራጮች ዘንድ ደግሞ ደረጃ 1 የበላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ «ተራ» ይሻላል። ተራ 10 ከተራ 20 መቅደሙን ታክሲ ተሰልፎ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል።

«መጠባበቂያ» በሚለው ቃል ላይ ያለን ቅሬታ ከዚህ የሚብስ እንጂ የሚያንስ አይደለም። መምሪያው በአንድ ምዕራፍ ሁለተኛውን ሰርቨር፣ በሌላው ደግሞ ለክፉ ቀን ተገልብጦ የሚቀመጠውን ቅጂ «መጠባበቂያ» ይላቸዋል። አለቃው «መጠባበቂያ አለን ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለተኛ ሰርቨር ያለው ሠራተኛ «አለን» ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው ሰርቨር ግን የመጀመሪያውን እግር በእግር የሚከተል ነው፤ አንድ ሰው ከመጀመሪያው ላይ ደብዳቤ ቢሰርዝ ስረዛው ወደ ሁለተኛውም ይደርሳል። ከቃጠሎና ከመብራት መጥፋት ያድን ይሆናል፤ ከሰው እጅ ስህተት አያድንም። ለተቀመጠው ቅጂ «አደራ ቅጂ» የሚለውን እናቀርባለን። አደራ ከቤት ውጭ፣ በታመነ ሰው ዘንድ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ሲፈልገው ያወጣዋል። በዚህም «መመለስ» ከሚለው ቃል አንዱን ሸክም እናቃልላለን፤ የጠፋ መልእክት «ከአደራ ይወጣል» እንጂ «ይመለሳል» አንልም። «አደራ» ለማሽን ይከብዳል የሚሉ ባልደረቦች አሉን። ክርክሩ አልተቋጨም።

ላኪው ዘንድ ስለሚመለሰው መልእክት «ተመላሽ» የሚለውን ስም ብቻ እንጠቀም። ከዚህ ጋር መምሪያው «ስህተት» በሚል አንድ ቃል የደፈጠጣቸው ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ኢሜይል የሚተላለፍበት ደንብ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ከተጻፈው ጀምሮ በ2008 እስከ ወጣው ድረስ፣ ተቀባዩ ሰርቨር በሦስት አኀዝ ቁጥር እንዲመልስ ያዛል። በ4 የሚጀምር ቁጥር «አሁን አልችልም፤ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው፤ በ5 የሚጀምር «አልቀበልም» ማለት ነው። የመጀመሪያውን «ጊዜያዊ እምቢታ»፣ ሁለተኛውን «የመጨረሻ እምቢታ» ብንላቸው ሠልጣኙ በየትኛው መደናገጥ እንዳለበት ያውቃል። ሰርቨሩ በመብራት መቋረጥ ምክንያት ሌሊቱን ቢዘጋም ከውጭ የሚመጣው መልእክት አይጠፋም፤ በላኪው ሰርቨር ወረፋ ላይ ይቆያል፤ ደንቡም ላኪው ቢያንስ አራት ወይም አምስት ቀን እንዲታገሥ ይመክራል። ይህን የማያውቅ አስተዳዳሪ ጠዋት ለደንበኞች ሁሉ «መልእክቶቻችሁ ስለ ተመለሱ እንደገና ላኩ» ብሎ ማስታወቂያ ቢያወጣ፣ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት ሁለት ሆኖ ይደርሰዋል።

መምሪያው የተሳካለት ቦታም አለ። አንዱ ሰርቨር ከሌላው ተቀብሎ የማስተላለፉን ሥራ «ቅብብል» ማለቱ የሚመሰገን ነው። ማንም መንገደኛ የሌላውን ኢሜይል የሚያሳልፍበትን፣ በዚህም ባለቤቱን በጥቁር መዝገብ የሚያስገባውን ጥፋት «ክፍት ቅብብል» ብሎታል። ይህን ቃል እንዳለ ወደ ዝርዝራችን ወስደነዋል። «ወረፋ»ም እንዲሁ።

አዳማ በአማርኛ ብቻ የምትናገር ከተማ ስላልሆነች ሠልጣኞቹ በአፋን ኦሮሞ ምን እንደሚሉ ጠይቀን ነበር። መዝገብ ቤቱ «መነ ገልሜ» ነው፤ መልእክቱ «ኤርጋ» ነው። ደረጃ ማሳደግ «ሰደርካ ጉዲሱ» ሲባል ከእኛው ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። «ሃሮምሱ» ደግሞ እንደ «ማደስ» ፈቃዱንም ሶፍትዌሩንም ያጠቃልላል፤ ስለዚህ ያው የፋይናንስ ክፍል ያንኑ ስህተት በሌላ ቋንቋ ሊሠራው ይችላል። ቁቤ የድምፅን መጥበቅና መርዘም በፊደል ስለሚያሳይና ተመላሹን ከመላሹ ስለሚለይ የ«መመለስ» ችግራችን ግማሹ የለበትም። ግማሹ ግን አለ፤ «ዴቢሱ» መልስ መስጠትም፣ ወደ ቦታው ማድረስም ነውና። ለሁለቱ ቋንቋዎች የሙያ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ አንዱ የፈታውን ሌላው እንደገና አይፈታም ነበር።

የግእዝ ፊደልን በሚመለከት መምሪያው ምንም አለማለቱ ገርሞናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደላቱን በየራሱ ቦታ ያስቀምጥ ነበር። የቆዩ ሳጥኖች ሲዛወሩ በዚያ ዘመን የተጻፉ ደብዳቤዎችና አባሪዎች፣ የተጻፉበት ፊደል በኮምፒዩተሩ ላይ ከሌለ፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ቁልል ሆነው ይታያሉ። ያልሰለጠነ አስተዳዳሪ «ተበላሽተዋል» ብሎ ይሰርዛቸዋል። አልተበላሹም።

«ወዴት?» የተባለውን ዐረፍተ ነገር በተመለከተ የሚከተለውን ምትክ ለአዘጋጆቹ ልከናል፦ «ዝውውሩ ካልተሳካ ሥራው ይቆማል፤ ሳጥኖቹ በአሮጌው ሰርቨር ላይ ባሉበት ይቀጥላሉ። ሰርቨሩ በዚህ መካከል ቢዘጋ ከውጭ የተላኩ መልእክቶች በላኪዎቹ ወረፋ ይቆያሉ እንጂ ወዲያው ተመላሽ አይሆኑም። የጠፋ ካለ ከአደራ ቅጂው ይወጣል።» ከአንድ መስመር ወደ ሦስት ረዝሟል። ሠልጣኙ አንብቦት ከጎኑ የጻፈው ነገር የለም።